ልኩ ያልተመጠነ እምነት፦ የኮምፒዩተር መረብን ከሩቅ አገልግሎት የማሳጣት ድክመት ታሪክና ለትምህርት የሚሰጠው ግንዛቤ

መግቢያ

ሴፕቴምበር 6 ቀን 1996 በኒውዮርክ ከተማ የኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጠው ፓኒክስ የተባለው ድርጅት ኮምፒዩተሮች ለደንበኞቻቸው መልስ መስጠት ተሳናቸው። የተቆረጠ ሽቦ አልነበረም፤ የተሰበረ መሣሪያም አልታየም፤ የምሥጢር ቃል ሰርቆ ወደ ውስጥ የዘለቀ ሰውም አልተገኘም። ኮምፒዩተሮቹ ኤሌክትሪክ አግኝተው፣ ፕሮግራማቸውም ሳይበላሽ በሥራ ላይ ነበሩ። ይሁን እንጂ ደብዳቤውን ሊያነብ ወይም ሊልክ የፈለገ ደንበኛ ደጅ ሲጠና ውሎ የሚከፍትለት አጣ። ችግሩም ለበርካታ ቀናት ቀጠለ።

እንዲህ ያለው ድርጊት አገልግሎትን የመንፈግ ጥቃት ይባላል። ሌባ ንብረት ይወስዳል፤ አገልግሎት ነፋጊ ግን አንዳች ነገር ሳይወስድ ባለመብቱን ከደጅ ያስቀራል። ጥቃቱ ከሩቅ ሊፈጸም የሚችልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ማለትም የኮምፒዩተሩን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚያስተባብረው ዋናው ፕሮግራም፣ ከመረብ የሚደርሰውን መልእክት የላኪውን ማንነት ከማወቁ በፊት መቀበልና መመርመር አለበት። በዚህ የመቀበያ ክፍል ውስጥ የሚገኝ ማናቸውም ስሕተት ከማንኛውም ሩቅ ሥፍራ ሊነካ የሚችል ስሕተት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ድክመት ከምን እንደ መነጨ፣ እንዴት እንደ ታወቀና በምን ዘዴ እንደ ታረመ በአራት ታሪካዊ ክስተቶች አማካይነት ማሳየት፣ እንዲሁም አንድን ድክመት ማስተማር ይሻላል ወይስ መደበቅ ለሚለው የመምህራን ጥያቄ ታሪኩ የሚሰጠውን መልስ ማቅረብ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሌላ ሁኔታ ካልተገለጹ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

1. ጠላት ሳይኖር የቆመው መረብ

ለዛሬው ኢንተርኔት መነሻ የሆነው አርፓኔት የተባለው የአሜሪካ የምርምር መረብ ሥራውን የጀመረው በ1969 ነበር። በመረቡ ላይ የነበሩት አስተላላፊ ጣቢያዎች የመስመሮቻቸውን ሁኔታ የሚገልጽ አጭር መልእክት በየጊዜው እርስ በርሳቸው ይለዋወጡ ነበር። ከአንድ ጣቢያ ከመጡት ሁለት መልእክቶች አዲሱ የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት ለእያንዳንዱ መልእክት ተራ ቁጥር ይሰጠዋል። ለቁጥሩ የተመደበው ቦታ 6 ቢት ብቻ ስለ ነበረ ቆጠራው ከ0 ተነሥቶ 63 ከደረሰ በኋላ እንደገና ወደ 0 ይመለሳል። ይህም አሠራር ከሰዓት ፊት ጋር ይመሳሰላል፤ 1 ቁጥር ከ12 ያነሰ ቢሆንም በሰዓት አካሄድ ከ12 በኋላ የሚመጣ ነውና። ስለዚህ የተደነገገው ደንብ፣ ከሌላው ቁጥር ወደ ፊት እስከ 32 እርምጃ ድረስ ርቆ የሚገኘው ቁጥር አዲስ ይባላል፤ ልዩነቱ በትክክል 32 ሲሆንም ትልቁ ቁጥር አዲስ ነው የሚል ነበር።

ኦክቶበር 27 ቀን 1980 በአንድ ጣቢያ የመሣሪያ ብልሽት ምክንያት የአንድ መልእክት ተራ ቁጥር ከፊል ቢቶቹን አጣ። በሁለት ቤት አቆጣጠር 101100 ተብሎ የሚጻፈው 44 ቁጥር አንድ ቢት ሲጐድልበት 101000፣ ማለትም 40 ሆነ፤ ሌላ ቢት ሲጐድልበት ደግሞ 001000፣ ማለትም 8 ሆነ። በደንቡ መሠረት 40 ከ8 በኋላ ይመጣል፤ 44 ከ40 በኋላ ይመጣል፤ ከ44 ወደ 8 ያለው ርቀት ደግሞ 28 እርምጃ ስለ ሆነ 8 ከ44 በኋላ ይመጣል። በዚህ ምክንያት ሦስቱ መልእክቶች አንዱ ሌላውን እያሳደደ፣ እያንዳንዱ ጣቢያም አዲስ ነገር የደረሰው መስሎት ለጎረቤቱ እያስተላለፈ ያለ ማቋረጥ ይዞሩ ጀመር። ይህን የመሰለው መልእክት ከሌላው ሥራ ሁሉ ቅድሚያ ይሰጠው ስለ ነበር ጣቢያዎቹ ለተጠቃሚው ጉዳይ ጊዜ አጡ። መረቡም ለአራት ሰዓት ያህል ከጥቅም ውጭ ሆነ። መፍትሔ የተገኘው ጣቢያዎቹ ከዚያ ከአንዱ ጣቢያ የሚመጣውን መልእክት ለጊዜው እንዳይቀበሉ ፕሮግራማቸው ከታረመ በኋላ ነበር።

የክስተቱን ዝርዝር በ1981 በጽሑፍ ያቀረበው፣ የመረቡን ጣቢያዎች በሠራው በቦልት፣ ቤራኔክና ኒውማን ድርጅት ውስጥ የነበረው ኤሪክ ሮዘን ነው። ከዘገባው የሚገኘው ዋና ቁም ነገር አንድም ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው በነገሩ ውስጥ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የታዘዘውን ደንብ በትክክል ፈጽሟል። የጐደለው፣ የደረሰኝ ቁጥር ሊሆን የማይገባው ቢሆንስ የሚለው ጥያቄ ነበር። መልእክቱ በሽቦ ላይ ሲጓዝ የሚደርስበትን ስሕተት የሚቈጣጠር ዘዴ ቢኖርም፣ በጣቢያው ማስታወሻ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሚደርስበትን ስሕተት የሚያይለት አልነበረም።

2. የሦስት እርምጃ ሰላምታና የመዝገቡ ጥበት

ቪንተን ሰርፍና ሮበርት ካን ልዩ ልዩ መረቦችን ለማገናኘት የሚያስችለውን ሐሳብ በ1974 አሳተሙ። በጆን ፖስተል አዘጋጅነት በሴፕቴምበር 1981 የወጡት ሁለት ሰነዶችም አይ.ፒ. እና ቲ.ሲ.ፒ. የተባሉትን የመረብ ደንቦች ወሰኑ። አርፓኔት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ጀምሮ በእነዚህ ደንቦች መሥራት ጀመረ።

በቲ.ሲ.ፒ. ደንብ መሠረት ሁለት ኮምፒዩተሮች ከመነጋገራቸው በፊት ሦስት እርምጃ ያለው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ጠያቂው ልነጋገር እፈልጋለሁ ሲል የመጀመሪያውን ፓኬት፣ ማለትም የመልእክት ጥቅል ይልካል። ተቀባዩ፣ ጥያቄህ ደርሶኛል፣ እኔም ዝግጁ ነኝ ሲል ይመልሳል። ጠያቂው ይህን መልስ ማግኘቱን ሲያረጋግጥ ንግግሩ ይጀመራል። ተቀባዩ ሁለተኛውን እርምጃ ከፈጸመ በኋላ ሦስተኛውን እየጠበቀ ሳለ የጠያቂውን ስም በጊዜያዊ መዝገብ ይዞ ይቆያል።

ነገሩን በትምህርት ቤት ምሳሌ መመልከት ይቻላል። አንድ የትምህርት ቤት መዝገብ ሹም ልጄን ላስመዘግብ እመጣለሁ የሚል ደብዳቤ በደረሰው ቁጥር በአንድ ገጽ ላይ ስም ይጽፋል እንበል። ገጹ ስምንት መስመር ብቻ አለው። ደብዳቤ የላከው ወላጅ ካልመጣ ሹሙ ስሙን የሚሰርዘው የተወሰነ ጊዜ ከጠበቀ በኋላ ነው። ተንኰለኛ ሰው በሌሉ ሰዎች ስም ስምንት ደብዳቤ ቢልክ ገጹ ይሞላል፤ ልጁን በእጁ ይዞ በር ላይ የቆመው እውነተኛ ወላጅ ቦታ የለም ተብሎ ይመለሳል።

የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በ1983 ካወጣው የዩኒክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጀምሮ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ የጊዜያዊው መዝገብ ወሰን 5 ሆኖ ተደንግጎ ነበር፤ በተግባር ግን ከዚህ ጥቂት ከፍ ያለ፣ እስከ 8 የሚደርስ ጥያቄ ይይዝ ነበር። ያልተፈጸመ ሰላምታ የሚጠበቅበት ጊዜም 75 ሰከንድ ያህል ነበር። 75 ለ8 ሲካፈል ከ9 ሰከንድ ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ በስሌት ረገድ በየ9 ሰከንዱ አንድ የሐሰት ፓኬት የሚልክ ሰው የአንድን አገልግሎት መዝገብ ሞልቶ ሊያቈየው ይችል ነበር ማለት ነው። ለዚህም ኃይለኛ ኮምፒዩተርም ሆነ ፈጣን መስመር አያሻውም። የላኪው አድራሻ ሐሰተኛ ስለሚሆን የተቀባዩ መልስ ወደሌለ ሥፍራ ይሄዳል፤ ጥቃቱን የፈጸመውን ሰው መከታተልም እጅግ አዳጋች ይሆናል።

ንድፉን ያወጡት ሰዎች ይህን ያላሰቡት ከስንፍና የተነሣ አልነበረም። በዘመናቸው መረቡን የሚጠቀሙት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሞች ሲሆኑ፣ ከጠላት ይልቅ የሚያሳስባቸው የመስመር መቆረጥና የፓኬት መጥፋት ነበር። በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የተመሠረተው እምነት ግን መረቡ ለማይተዋወቁ ሚሊዮኖች ሲከፈት ሳይለወጥ አብሮ ዘለቀ።

3. ከመጽሐፉ የወጣው አንቀጽ

ይህ ድክመት ከፓኒክስ ችግር በፊት ሳይታወቅ የቀረ አልነበረም። ቢል ቼስዊክና ስቲቭ ቤሎቪን የተባሉት ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 ስለ መረብ ጥበቃ መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ድክመቱን አስተውለው አንድ አንቀጽ ጽፈውበት ነበር። ይሁን እንጂ አንቀጹን ከመጽሐፉ አወጡት። በጊዜው ለችግሩ የሚሆን መድኃኒት በእጅ ስላልነበረ፣ በሽታውን ብቻ ማስታወቅ ጉዳት ያስከትላል ብሎ መሥጋት ከኃላፊነት ስሜት የሚመነጭ ነበር ሊባል ይችላል።

ነገር ግን ቀጥሎ በነበሩት ሁለት ዓመታት ውስጥ መከላከያ አልተዘጋጀም። በ1996 ጥቃቱን የሚፈጽመው ፕሮግራም በሁለት የኅቡእ መጽሔቶች ላይ ታትሞ ወጣ። ፓኒክስ የተጠቃውም ወዲያውኑ በሴፕቴምበር ወር ነበር። በዚሁ ወር በ19ኛው ቀን በአሜሪካ የኮምፒዩተር አደጋ መከላከያ ማዕከል ስለ ጥቃቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንግዲህ የሁለቱ ዓመታት ዝምታ ዕውቀቱን ከአጥፊዎች አልጠበቀውም፤ ያራቀው ከመሐንዲሶቹና ከተማሪዎቹ ነበር። ጉዳት ለማድረስ የፈለገው ትምህርቱን በራሱ መንገድ ሲያገኝ፣ ጉዳቱን መከላከል የሚገባው ግን ከጥቃቱ በኋላ ተማረ።

4. ሳይጽፍ የሚያስታውስ መዝገብ ሹም

አጣዳፊው እርምጃ መዝገቡን ማስፋትና የመጠበቂያውን ጊዜ ማሳጠር ነበር። ይህም አጥቂው የሚልከውን ፓኬት እንዲያበዛ ከማስገደድ በቀር ችግሩን ከሥሩ አልነቀለውም። በጥቃቱ ሰሞን ዳንኤል በርንስታይን ያቀረበውና ከኤሪክ ሼንክ ጋር ያዳበረው ሐሳብ ግን ከዚህ የተለየ ነበር። ሐሳቡ ተቀባዩ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ጥያቄ ጊዜ ምንም ነገር በመዝገብ አይጻፍ የሚል ነው።

በቲ.ሲ.ፒ. ደንብ ተቀባዩ በመልሱ ውስጥ 32 ቢት ያለው መነሻ ቁጥር ይልካል፤ ጠያቂውም በሦስተኛው እርምጃ ይህንኑ ቁጥር በአንድ ከፍ አድርጎ ይመልሳል። በአዲሱ ዘዴ ተቀባዩ ይህን ቁጥር ከጠያቂው አድራሻ፣ ከሰዓቱና ራሱ ብቻ ከሚያውቀው ምሥጢር አስልቶ ያወጣዋል። ሦስተኛው እርምጃ ሲደርሰው ስሌቱን እንደገና ሠርቶ ቁጥሩ ትክክል መሆኑን ያረጋግጣል። በምሳሌያችን መሠረት መዝገብ ሹሙ በገጹ ላይ መጻፉን ትቶ ለደብዳቤ ላኪው ማኅተም ያለበት ወረቀት በተጻፈው አድራሻ ይልክለታል ማለት ነው። ወረቀቱን ይዞ የመጣ ይመዘገባል። በሐሰት አድራሻ የጻፈ ወረቀቱ ስለማይደርሰው ሊመጣ አይችልም፤ የሌላ ሰው መስመርም አይዝም።

ይህ መፍትሔ ዋጋ የማይከፈልበት አልነበረም። በ32 ቢት ውስጥ ሊካተት የሚችለው መረጃ ጥቂት ስለ ሆነ፣ በሰላምታው ጊዜ ሁለቱ ወገኖች ሊስማሙባቸው ከሚችሉት ተጨማሪ ጉዳዮች አንዳንዶቹ ይቀራሉ። ስለዚህ በብዙ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ዘዴው ሥራ ላይ የሚውለው መዝገቡ ሲሞላ ብቻ ነው። መስመሩን ራሱን በፓኬት ብዛት የሚያጥለቀልቅ ጥቃትም በዚህ ብቻ አይመለስም። ቢሆንም በጥቂት ፓኬት ብዙ ሰው ከደጅ የሚያስቀረው መንገድ ተዘግቷል።

5. ከልኩ ያለፈው ፓኬት

በዚያው በ1996 መጨረሻ ሌላ ድክመት ይፋ ሆነ። አንድ ኮምፒዩተር በመረብ ላይ መኖሩን ለማወቅ የሚያገለግለውን ፒንግ የተባለውን ትንሽ ፕሮግራም ማይክ ሙስ በ1983 ጽፎት ነበር። የአይ.ፒ. ደንብ የአንድ ፓኬት ርዝመት ከ65,535 ባይት እንዳይበልጥ ይወስናል። ረጅም ፓኬት ተቆራርጦ ሊላክ ይችላል፤ እያንዳንዱ ቁራጭም ከመነሻው በስንት ባይት ርቀት እንደሚቀመጥ የሚያመለክት ቁጥር ይይዛል። ይህ ቁጥር ሊያመለክት የሚችለው ከፍተኛው ሥፍራ 65,528 ነው። እዚያ ሥፍራ ላይ የሚቀመጠው የመጨረሻ ቁራጭ ከ7 ባይት በላይ ርዝመት ካለው የተገጣጠመው ፓኬት ከተወሰነው ልክ ያልፋል።

ፓኬቱን መልሰው የሚገጣጥሙት ብዙዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተሞች ደንቡ ከ65,535 አይበልጥም ስላለ በእርግጥም አይበልጥም ብለው አመኑ። ቁራጮቹን ከመገጣጠማቸው በፊት ድምሩን አልቈጠሩም። ትርፉ ባይት ለእርሱ ካልተመደበ የማስታወሻ ክፍል ላይ ሲፈስ ኮምፒዩተሩ ይቆማል፤ አንዳንዱም ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሣል። ማስጠንቀቂያው ዲሴምበር 18 ቀን 1996 ወጣ። በኖቬምበርና በዲሴምበር 1997 ደግሞ ከዚህ ጋር የሚዛመዱ ሁለት ድክመቶች ታወቁ፤ አንደኛው እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ ቁራጮችን በመላክ፣ ሁለተኛው የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ አንድ አድርጎ በመላክ ኮምፒዩተሩን የሚያቆም ነበር። የሁሉም መድኃኒት አጭር ነው፤ የደረሰውን ፓኬት ከማመን በፊት መመርመር።

በደንብ ላይ የሰፈረ ወሰን በራሱ አጥር አይሆንም። ደንቡን የሚያስፈጽም ፕሮግራም እያንዳንዱን ፓኬት ካልለካው፣ ወሰኑ ደንቡን ለሚያከብር ላኪ ብቻ የተጻፈ ሆኖ ይቀራል።

6. ዐሥር ዓመት በዝምታ የኖረው ስሕተት

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጉዳዩ ያለቀለት መስሎ ይታይ ነበር። ሆኖም ጁን 17 ቀን 2019 በሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ውስጥ ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ስሕተት መኖሩ ተገለጠ። ያገኘው በኔትፍሊክስ ድርጅት የሚሠራው ጆናታን ሉኒ ነበር። ስሕተቱ ከ2009 ጀምሮ በወጡት የሊኑክስ እትሞች ውስጥ የነበረ ሲሆን፣ ጽሑፉ ለማንኛውም ሰው ክፍት ሆኖ ብዙ ሺህ ባለሙያዎች ያነበቡት ፕሮግራም ነው።

የስሕተቱ ባሕርይ በአንደኛ ደረጃ ስሌት ሊገለጥ ይችላል። ሊኑክስ ለመላክ የተዘጋጀውን መረጃ በአንድ ማቆያ ውስጥ እስከ 17 ክፍል አድርጎ ይይዛል፤ በተለመዱት ኮምፒዩተሮች እያንዳንዱ ክፍል እስከ 32,768 ባይት ይደርሳል። ድምሩ 557,056 ባይት ነው። ሩቅ ያለው ወገን በጣም ትንንሽ ፓኬት ብቻ እቀበላለሁ ካለ፣ በእያንዳንዱ ፓኬት የሚላከው መረጃ እስከ 8 ባይት ሊወርድ ይችላል። 557,056 ለ8 ሲካፈል 69,632 ይሆናል። ፓኬቶቹ የሚቈጠሩበት ቦታ ግን 16 ቢት ብቻ ስለ ሆነ ከ65,535 በላይ መቍጠር አይችልም። ቈጣሪው ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙም ሊሆን የማይችል ቁጥር ሲያጋጥመው ራሱን ያቆማል።

በዚህ ክስተትና በ1994 በሆነው መካከል ያለው ልዩነት ሊጤን ይገባዋል። በሁለቱም ጊዜ ያወቀው ሰው ለተወሰነ ጊዜ ዝም ብሏል። ነገር ግን በ2019 ዝምታው የሥራ ጊዜ ነበር፤ ድክመቱ ለሕዝብ የተገለጠው ማረሚያው ከተዘጋጀ በኋላ፣ ከማረሚያው ጋር በአንድ ቀን ነው። ከዚያም ምክንያቱ፣ ስሌቱና መድኃኒቱ ሳይሸሸጉ ለሁሉም ተጻፉ። ከዚያ ቀን በኋላ የአደጋው መጠን የሚወሰነው ማረሚያውን በየኮምፒዩተሩ ላይ በሚያስገባው ሠራተኛ ትጋት ሆነ።

7. ለመምህሩና ለዕቅድ አውጪው

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም.፣ የፓኒክስ ችግር ከደረሰ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መረብ አማካይነት ተሰጥቷል። በእንዲህ ያለ ቀን ፈተናውን የያዘው አገልጋይ ኮምፒዩተር መልስ ቢያቆም ጥያቄው ባይሰረቅም፣ መሣሪያው ባይሰበርም፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት የተዘጋጀው ተማሪ ሰዓቱ ያልፍበታል። ስለዚህ ጉዳዩ ለመሐንዲሶች ብቻ የሚተው አይደለም።

መምህራንን በሚመለከት፣ ከላይ የተዘረዘሩት አራት ክስተቶች ያለ ኮምፒዩተርም ሊማሩ የሚችሉ ናቸው። 8፣ 40 እና 44 ቁጥሮች በ64 ክፍል በተከፈለ ክብ ላይ በጠመኔ ቢሣሉ ተማሪዎች የአርፓኔትን መቆም በዓይናቸው ያያሉ። ስምንት መስመር ያለው ገጽ፣ አንድ መዝገብ ሹምና በሐሰት ስም የሚጽፉ ጥቂት ተማሪዎች የሁለተኛውን ክስተት ለማሳየት ይበቃሉ። ከዚያም ሳይጽፍ የሚያስታውሰውን ዘዴ ራሳቸው እንዲያገኙት ጊዜ መስጠት ይቻላል። በሌላ ሰው ኮምፒዩተር ላይ መሞከር ግን ጉዳትም ወንጀልም መሆኑ አብሮ ሊነገራቸው ይገባል።

ዕቅድ አውጪዎችን በሚመለከት፣ ኮምፒዩተር መግዛት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። በ2019 ማረሚያው ስሕተቱ በተገለጠበት ቀን ተዘጋጅቶ ቀርቧል፤ የሚያስገባው ሰው ያልተመደበለት ኮምፒዩተር ግን በዚያው ቀን ለማንም የተጋለጠ ሆኗል። እንግዲህ በእያንዳንዱ የግዢ ዕቅድ ውስጥ ማረሚያ የሚከታተል ሠራተኛ፣ ለዚህ የሚሆን ጊዜና በጀት፣ እንዲሁም መረቡ ሲቆም ሥራው በምን እንደሚቀጥል የሚገልጽ መመሪያ ሊካተት ይገባል።

ማጠቃለያ

በ1980 የተራ ቁጥር፣ በ1996 የመዝገብ መስመርና የፓኬት ርዝመት፣ በ2019 የቈጣሪ ቦታ አገልግሎትን አሳጡ። በአራቱም ጊዜ የተገኘው ጉድለት አንድ ዓይነት ነው፤ ከውጭ የመጣው ነገር ልኩ ሳይመረመር መታመኑ። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ መሆን እንደሚገባው የሀገራችን እናቶች ለማድ ቤት የሚሰጡት ምክር ለመሐንዲሱም ይሠራል። በመካከል የነበሩት ሁለት የዝምታ ዓመታት ደግሞ ለመምህሩ የሚያስታውሱት አለ። ድክመትን ከነመድኃኒቱ ያልተማረ ተማሪ ነገ የሚጽፈው ፕሮግራም ያንኑ ስሕተት ይደግማል፤ ስሕተቱንም ከእርሱ በፊት የሚያገኘው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።